ለተባረረው ፖሊስም ዳኛ ይገባዋል



ፖሊስ ከሥራ ተባረረ ሲባል ከአማን እስከ ቴፒ ከብዙዎቻችን አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ይበለው!» ነው። ስሜቱ ይገባኛል። በ2004 የጀመረውን የ«ድምፃችን ይሰማ» ጊዜ ያየ ሰው ዱላውን አይረሳም። ሐምሌ 27 ቀን 2007 በ18 ሰዎች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ሲፈረድም ያላዘነ ቤት አልነበረም። ግን ያኔ የጮኽነው ምን ብለን ነበር? ፍትሐዊ ዳኝነት ይሰጠን ብለን አይደለም? ያንን ጥያቄ ለወደድነው ሰው ብቻ የምናነሳው ከሆነ ወገንተኝነት ሆነ። ሱረቱል ማኢዳህ 8ኛው አንቀጽ ሰዎችን መጥላታችን ከፍትሕ እንዳያወጣን ያስጠነቅቀናል።

ከአማን ተመልምሎ ፌዴራል ፖሊስ የገባ አንድ ኮንስታብል አለ እንበል። በዲሲፕሊን ተከሰሰ። መርማሪው የተቋሙ ሰው፣ ፈራጁ የተቋሙ ሰው፣ ውሳኔውን የሚያጸድቀውም አለቃ። ተሰናበተ። ወዴት ይሂድ? የቡና ለቀማ ሠራተኛዋ ያለ አግባብ ብትባረር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪዋን ፍርድ ቤት ትገትራለች፤ አዋጁ ግን ፖሊስን አይመለከትም። የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አለው፤ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 ግን የፌዴራል ፖሊስ አባላትን ገና ከትርጉሙ አስወጥቷቸው ነበር። የቀረለት እዚያው ግቢ ውስጥ የሚዞር ይግባኝ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው አካል የማቅረብ መብት አለው ይላል። «ኮሚቴውም እኮ እንዲህ ያለ አካል ነው» ይሉናል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዓሊይን (ረ.ዐ) ለዳኝነት ወደ የመን ሲልኩት፣ ሁለተኛውን ወገን እንደ መጀመሪያው ሳይሰማ እንዳይፈርድ ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግቦታል። ከሳሹ የፈራጁ አለቃ በሆነበት ክፍል ውስጥ ሁለተኛው ወገን ቢናገርስ ማን ይሰማዋል?

«ፍርድ ቤት ከገባበት ጉቦኛውና ደብዳቢው ይመለሳል» የሚሉም አሉ። ደብዳቢው እንዲመለስ እኔም አልፈልግም፤ ወላሂ። ማስረጃ ያለው ስንብት ግን ዳኛ ፊት ቢቀርብ ይጸናል። ዳኛ የሚያስፈራው ባዶ መዝገብ የያዘውን ነው።

ደግሞ ለራሳችንም እናስብ። ነገ መስጂድ በር ላይ የቆሙ ልጆችን እንዲደበድብ የታዘዘ ፖሊስ «አላደርገውም» ሊል ይችላል። በማግስቱ ትእዛዝ ባለመፈጸም ይከሰሳል። ከአለቃው በላይ የሚሰማው እንደሌለ ካወቀ፣ የልጆቹ ጉሮሮ አለና፣ ዱላውን ያነሳል። የሚያርፈው በእኛው ጀርባ ላይ ነው።

ስለዚህ ስንብት ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ፤ ተከሳሹ የቀረበበትን ማስረጃ ይይ፤ የመጨረሻው ቃል የፍርድ ቤት ይሁን። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች፣ የደንብ ልብሱን ያስረከበ ሰው ማመልከቻ ጻፉልኝ ብሎ ከመጣ ፊት አትንሱት።