የኋላው መቀመጫ ይቅደም

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሞተር ሳይክል ነው። «ሞተር ሳይክል ደግሞ ከባልና ሚስት ኑሮ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። በአሜሪካ ለረጅም መንገድ የተሠራ ትልቅ ሞተር ከሚገዙት መካከል ሚስቶቻቸውን ከኋላ አስቀምጠው የሚጓዙ ብዙ ናቸው። ሞተሩን ለማሻሻል የሚወጣው ገንዘብም የሁለቱ ነው። ታዲያ ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል ይውጣ?

ሆንዳ ጎልድዊንግን ምሳሌ እናድርግ። እ.ኤ.አ. በ1974 በጀርመን ኮሎኝ ከተማ ለሕዝብ ሲታይ ባለ 999 ሲሲ ሞተር ነበረው፤ የነፋስ መከላከያና የዕቃ ሣጥን ግን አልነበረውም። ሩቅ ተጓዦች እነዚህን ከሌሎች አምራቾች እየገዙ ይገጥሙለት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1980 ፋብሪካው ራሱ ሁለቱንም ገጥሞ «ኢንተርስቴት» የተባለውን ሞዴል አወጣ። እ.ኤ.አ. የ2018 ሞዴል ደግሞ ስድስት ሲሊንደርና 1833 ሲሲ አለው። እንግዲህ ኃይል አልጎደለውም ማለት ነው። አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ሁለቱ ሰዎች የሚቀመጡበት ሁኔታ ነው።

አንደኛ፦ ምቾት። አሽከርካሪው መሪ ይይዛል፣ መንገዱን ያያል፣ ጉድጓድ ሲመጣ ሰውነቱን ያዘጋጃል። ከኋላ ያለችው ግን የምትይዘው መሪ የላትም። ከፍ ብላ ስለምትቀመጥም መከላከያውን አልፎ የሚመጣው ነፋስ ራሷን ይንጠዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለእርሷ መቀመጫ ይሁን። በእጅ ሲጫኑት ልስልስ የሚለው ስፖንጅ አያታልላችሁ። በጣም ለስላሳ ከሆነ ጥቂት እንደተጓዛችሁ ይጨፈለቅና አጥንት ከሥሩ ካለው ጠንካራ ነገር ጋር ይገናኛል። ጠንከርና ሰፋ ያለው ክብደትን ያከፋፍላል። የጀርባ መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያም ቅንጦት አይደሉም፤ ሞተሩ ሲፈተለክ ወደ ኋላ እንዳትሳብ ይይዟታል።

የነፋስ መከላከያው ረጅም ስለሆነ ብቻ አይሻልም። የላይኛው ጠርዝ ከአሽከርካሪው ዓይን ትንሽ ዝቅ ቢል፣ ዝናብ መስተዋቱን ሲሸፍነው በላዩ አሻግሮ ማየት ይችላል። በፈጣን መንገድ በራስ ቁር ውስጥ የሚሰማው የነፋስ ድምፅ ከ90 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል፤ ይህም ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ጆሮን ይጎዳል። ሕጉ የሚፈቅደው የጆሮ መድፈኛ ለሁለታችሁም ከሁሉ ርካሹ ማሻሻያ ነው። መሪውን ወደ አሽከርካሪው ማቅረብ የትከሻን ድካም ይቀንሳል። ነገር ግን መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር የፍሬኑ ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ እንዳይወጠሩ ይፈተሽ።

ሁለተኛ፦ ብቃት። ብቃት ሲባል ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሰው ጭኖ በሰላም መታጠፍና መቆም ነው። ሁለታችሁ ከነሻንጣችሁ ስትቀመጡ የኋላው ሞላ ከሙሉ እንቅስቃሴው ሲሶ ያህል ቢወርድ ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ የፊቱ ጎማ ይቀላል፣ መብራቱ ወደ ላይ ያያል፣ ጉድጓድ ላይ ሞላው እስከ ጥግ ይመታል። ያ ምት የሚያርፈው በሚስት አከርካሪ ላይ ነው። ስለዚህ ለክብደታችሁ የሚስማማ ሞላና አሞርዛተር፣ ደኅና ጎማና ፍሬን ከማንኛውም የሞተር ኃይል መጨመሪያ ይቀድማሉ። የጎማውን ነፋስ ከመነሣታችሁ በፊት፣ ጎማው ሳይግል ለኩ።

አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ ሞተር አካል ላይ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ላይ የሞተሩን ክብደት ከነነዳጁ ቀንሱ። የቀረው ለሁለታችሁ፣ ለልብሳችሁ፣ ለሻንጣችሁና ለምትጨምሩት ጌጥ ሁሉ ነው። የኤሌክትሪኩም ሒሳብ እንዲሁ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ አንድ ጃኬት 80 ዋት ቢወስድ ሁለቱ 160 ይሆናሉ፤ በ12 ቮልት 13 አምፔር ያህል ማለት ነው። ተጨማሪ መብራት ከመግጠማችሁ በፊት ሞተሩ የሚያመነጨው ኃይል ይበቃ እንደሆነ ጠይቁ።

ሦስተኛ፦ ውበት። የሚያብረቀርቅ ክሮም፣ አዲስ ቀለም፣ ልዩ ቸርኬ ያምራሉ፤ ደስ ይላሉ። ነውር የለባቸውም። ቅር የሚለኝ ከእነርሱ ሲጀመር ነው። በተለይ ድምፁን የሚያጎላ ማርሚታ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ። በአሜሪካ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ለአዳዲስ የመንገድ ሞተሮች የተቀመጠው የድምፅ ወሰን 80 ዴሲቤል ነው። ከዚህም ሌላ፣ ለማርሚታው አፍ ይበልጥ የምትቀርበው ከኋላ ያለችው ናት። ቀለሙን ደግሞ አብራችሁ ምረጡ፤ ከሩቅ የሚታይ ቢሆን ለሌሎች አሽከርካሪዎችም ይጠቅማል።

ወንድሜ ሆይ፣ አንድ ነገር ከመግዛትህ በፊት ሞተሩን እንዳለ ይዛችሁ ለሁለት ሰዓት ተጓዙ። ስትቆሙ የት የት እንዳመማት ጠይቃትና ጻፈው፤ የመጀመሪያው የግዢ ዝርዝርህ እርሱ ነው። እኅቴ ሆይ፣ ወገብሽ እየተቆረጠ «ምንም አልሆንኩም» አትበይ። ዛሬ በዝምታ የቻልሽው ሕመም ነገ «አንተ ብቻህን ሂድ» ያሰኛል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ወጪ የወጣበት ሞተር በባዶ መቀመጫ ይሄዳል፤ አብሮ ለመሆን የተገዛው ነገርም የመለያያ ምክንያት ይሆናል።