ፋብሪካው ቡሬ፣ ዘይቱ በስኒ

ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ጎጃም ቡሬ ላይ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የዚያው ጎጃም የጅጋ ከተማ ሸማች «ከደጄ ተመርቶ እንዴት አይረክስልኝም?» ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ዓመት አለፍ ሲል፣ በ2014፣ የ5 ሊትር ጄሪካን 1000 ብር ገባ። ፋብሪካ ቢቀርብም ጥሬ ዕቃው ድፍድፍ የፓልም ዘይት በዶላር ተገዝቶ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው፤ ዶላር ሲጠፋ ቡሬ ከአዲስ አበባ አትሻልም። ጄሪካን መግዛት ያቃታት እናት ባዶ ሃይላንድ ይዛ ሱቅ ደጃፍ ትቆማለች። ባለሱቁ በስኒ ይቀዳላታል፤ እሷም ስኒው ሳይሞላ እንዳይገለበጥ ዐይኗን አትነቅልም። የሚያናድደው ደግሞ ስኒው ተደምሮ ሲሰላ ሊትሩ ከጄሪካኑ መወደዱ ነው፤ ድሃ በችርቻሮ ስለገዛ ይቀጣል። ኑግ አብቃዩ ጎጃም የሰው አገር ፓልም ጠባቂ መሆኑም ፈጽሞ የሚዋጥ አይደለም፤ ለገበሬው ምርጥ ዘርና አስቀድሞ የተቆረጠ ዋጋ ቀርቦለት ቢሆን ኖሮ የፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ከማሳው በተገኘ ነበር።