የተቋማት የምስልና የድምፅ ሀብት በደመና ማከማቻ ብቻ ዋስትና አያገኝም

ቀደም ባሉት ዓመታት በየተቋሙ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በካሴትና በሲዲ ይቀመጡ የነበሩ የፎቶግራፍ፣ የቪዲዮና የድምፅ ሥራዎች ዛሬ «ክላውድ» ወይም ደመና ወደሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ እየተዛወሩ ነው። አሠራሩ ሰርቨር የመግዛት ወጪን የሚቀንስና ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች አንድን ሥራ በእኩል እንዲጠቀሙበት የሚያስችል ቢሆንም፣ ሀብቱን የመጠበቅ ኃላፊነት ግን ከባለቤቱ ተቋም ጋር ይቀራል።

ለዚህም የደቡብ ኮሪያ ተሞክሮ ዓይነተኛ ማሳያ ነው። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ከባትሪ የተነሳ ቃጠሎ የ709 የኮምፒዩተር ሥርዓቶችን አገልግሎት አቋርጧል። የመንግሥት ሠራተኞች በጋራ ይገለገሉበት የነበረው «ጂ-ድራይቭ» የተባለው ማከማቻ ከ858 ቴራ ባይት መረጃ ጋር ወድሟል። የአገሪቱ መንግሥት በሰጠው ማብራሪያ መሠረት፣ ማከማቻው በሌላ ሥፍራ ቅጂ ያልነበረው በመጠኑ ግዙፍነት ምክንያት ነው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ሁሉ በዚያ ብቻ እንዲያስቀምጡ ያዘዘው የሠራተኞች አስተዳደር ሚኒስቴር ይበልጥ ተጎጂ ሆኗል።

የቪዲዮ ክምችት ከጽሑፍ ሰነድ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ የሚይዝ በመሆኑ፣ «ብዙ ነውና አንድ ቅጂ ይበቃል» ለሚለው አስተሳሰብ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። መፍትሔው በቅድሚያ ምርጫ ማካሄድ ነው። ለታሪክ የሚቆዩት ዋና ቅጂዎች ለዕለት ሥራ ከሚውሉት ተለይተው፣ ሦስት ቅጂ ኖሯቸው በሁለት ዓይነት ማከማቻ እንዲቀመጡና አንዱ በሌላ ሥፍራ እንዲሆን ማድረግ በሙያው የታወቀ አሠራር ነው። ቅጂው በትክክል የሚመለስ መሆኑም በየጊዜው ሊፈተሽ ይገባል።

ከዚሁ ጎን ለጎን የማከማቻው የይለፍ ቃል በተቋሙ እንጂ በአንድ ባለሙያ የግል ኢሜይል መመዝገብ የለበትም፤ ባለሙያው ሲዛወር ሀብቱ አብሮት ይሄዳልና። እያንዳንዱ ምስል የተነሳበት ቀን፣ ቦታና በውስጡ ያሉት ሰዎች ማንነት ካልተመዘገበ ቢኖርም እንደጠፋ ይቆጠራል። ማንነቱ የሚለይ ሰው ምስልና ድምፅ የግል ዳታ እንደመሆኑም፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በአያያዙ ላይ ግዴታ ይጥላል።

በመሆኑም የተቋማት ኃላፊዎች የደመና አገልግሎት ውል ከመፈረማቸው በፊት የሁለተኛውን ቅጂ ወጪ በበጀታቸው ሊያካትቱ፣ ውሉ ሲያበቃ መረጃው የሚመለስበትን ሁኔታ ሊያረጋግጡና ተጠያቂ ባለሙያ ሊመድቡ ይገባል። የዴጆን ጥፋት እንደሚያሳየው የሁለተኛ ቅጂ ወጪ ከበዛ፣ የአንድ ቅጂ መጥፋት ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ይከብዳል።