ቤቱን በካሬ ብቻ አትለኩት፣ በሰዓትም ለኩት



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ቤት ነው። ክረምት ሲገባ "ትምህርት ሳይከፈት እንግባ" ብሎ ቤት የሚፈልግ ብዙ ነው። አንዱ እጣ የደረሰው ኮንዶሚኒየም ሊገባ ነው። ሌላው ኪራይ ከብዶት ከገርጂ ወይም ከሃያ ሁለት ወጥቶ ወደ አያት፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ አለፍ ሲልም ወደ ለገጣፎና ሰንዳፋ እያማተረ ነው። በውስጥ መስመርም "ዶክተር፣ ለልጄ አስም አያት ይሻለዋል ወይስ ሰሚት?" የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ።

መጀመሪያ ግን አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ።)

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አንዲት እናት የ8 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። "ዶክተር፣ ልጄ ደም ማነስ ያለባት ይመስለኛል። ክፍል ውስጥ ትተኛለች፣ ራሴን ያመኛል ትላለች፣ ጠዋት ቁርስ አትበላም፣ ሰርቪስ ውስጥ ያስመልሳታል። ቫይታሚን ይታዘዝልኝ" አለችኝ። ደሟን አየን፣ ደህና ነው። ሰገራ አየን፣ ምንም የለም። ዓይኗም ጤነኛ ነው። በመጨረሻ "ስንት ሰዓት ነው የምትነሳው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"ከሌሊቱ 10፡45" አለች እናትየው፣ ቀለል አድርጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገርጂ ወደ ቦሌ አራብሳ ገብተዋል። ቤቱ የራሳቸው ነው፣ ሁለት መኝታ፣ ፀሐይ የሚገባበት ሳሎን። ትምህርት ቤቱ ግን ያው የድሮው፣ ቦሌ ነው። "ስም ያለው ትምህርት ቤት ነው፣ እንዴት እናስወጣት?" ልጅቷ ማታ 12 ሰዓት ትገባለች፣ ራት ትበላለች፣ የቤት ሥራ ትሠራለች፣ 3፡45 ትተኛለች። 7 ሰዓት እንቅልፍ ማለት ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ግን በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። በትንሹ በየቀኑ 2 ሰዓት ይጎድላታል፣ በሳምንት 10 ሰዓት። አንድ ሙሉ ሌሊት ማለት ነው።

ለዚህ ሽሮፕ የለውም። የጻፍኩላት ማዘዣ "ትምህርት ቤት ቀይሩ" የሚል ነበር።

የዛሬው ሐሳቤም ይኸው ነው፣ ብዙዎቻችሁ እንደማትስማሙ ባውቅም። ወደ ከተማዋ ዳር የሚወጣ ቤተሰብ ውስጥ መመላለስ ያለበት ሰው ካለ አዋቂው ይመላለስ፣ ልጅ አይመላለስ። ቤት ስትቀይሩ ትምህርት ቤቱንም ቀይሩ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ቤቱን ለመቀየር ገና ዝግጁ አይደላችሁም።

ለምን እንደዚህ በጥብቅ እንደምናገር ላስረዳ። የልጅ አካል የሚያድገውም አእምሮው የተማረውን የሚያስቀምጠውም በእንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ያጣ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ዝም ብሎ አይደክምም። ይነጫነጫል፣ ይቅበጠበጣል፣ ይረሳል። መምህሩ "አይረጋጋም" ይላል፣ ወላጅ "ሰነፍ ሆነ" ብሎ ይቆጣል። ስም ላለው ትምህርት ቤት የከፈላችሁት ገንዘብ ያንቀላፋ ልጅ ላይ እየፈሰሰ ነው። ደህና የተኛ ልጅ መካከለኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ሆኖ፣ ማታ ከወላጁ ጋር ደብተሩን ቢገልጥ፣ የተሻለ ይማራል ብዬ አምናለሁ።

ወደ አዋቂው ልምጣ። ሥራችሁ ሜክሲኮ ወይም ካዛንቺስ ሆኖ ለመሄድ 2 ሰዓት፣ ለመመለስ 2 ሰዓት የሚፈጅባችሁ ከሆነ በቀን 4 ሰዓት ነው። በወር 22 የሥራ ቀን ብንይዝ 88 ሰዓት ይሆናል። ይህ 11 ሙሉ የሥራ ቀን ነው፣ ያለ ደሞዝ፣ ቁጭ ብላችሁ ወይም ሰልፍ ላይ ቆማችሁ። ደላላው "መገናኛ 20 ደቂቃ ነው" ይላችኋል። ደላላው የሚነግራችሁ የእሁድን መንገድ ነው።

ክሊኒክ ውስጥ ይህ 4 ሰዓት ምን ሆኖ እንደሚመጣ ልንገራችሁ። የወገብና የአንገት ሕመም ሆኖ ይመጣል። ጊዜ ስለማይኖር እንቅስቃሴ ይቀራል፣ ራት 4 ሰዓት ላይ በልቶ ወዲያው መተኛት ይለመዳል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ግፊትና ስኳር ይከተላሉ። ሴቶች ላይ ደግሞ ማንም የማያወራው አለ። መንገድ ላይ መጸዳጃ ስለሌለ ከጠዋት ጀምረው ውሃ አይጠጡም፣ ሽንት ይይዛሉ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በየጊዜው ከሚመላለስባቸው አንዳንዶቹን ስጠይቅ መነሻው የታክሲ ሰልፍ ሆኖ አገኘዋለሁ።

እንግዲህ ቤት ከመከራየታችሁ ወይም ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን አምስት ነገሮች እንድታዩ እመክራለሁ።

1. ሰኞ ጠዋት ከዚያ ቤት ወደ ሥራ ሂዱ

አዎ፣ ሳትከራዩ። ሰኞ ጠዋት 12፡30 ላይ በሩ ላይ ቆሙና ሰዓት ያዙ። ማታ 11፡30 ላይ ደግሞ ከመገናኛ ተመለሱ። ዝናብ ቢሆን የተሻለ ነው፣ የሐምሌን ሰልፍ ያየ ሰው አይሸወድም። ከአያት በመገናኛ፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ አድርጎ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ቀላል ባቡር 17 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ነው። ከጣቢያው በእግር የሚደረስ ቤትና ባጃጅ ተይዞ የሚደረስ ቤት እኩል አይደሉም። ካርታ ላይ ቅርብ ሆኖ ሁለት ታክሲ ከሚያስይዝ ቤት፣ ራቅ ብሎ በአንድ ባስ የሚያደርስ ቤት ይሻላል።

2. የሌሊት 8 ሰዓትን ጥያቄ ጠይቁ

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ምጥ ቢመጣ፣ ልጅ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ አባት ግማሽ አካሉ ቢዝልበት ወዴት ነው የምትሄዱት? በምን? ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ካልቆመ በ2 ሰዓት ውስጥ እናትን ሊገድል ይችላል። በደም መርጋት ለሚመጣ ስትሮክ የሚሰጠው የረጋ ደም ማሟሚያ መድኃኒት ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። እዚህ ላይ ርቀት ምቾት የማጣት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ 24 ሰዓት የሚያዋልድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የት እንዳለ፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለው ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ። በምሥራቅ በኩል የካ ኮተቤ ሆስፒታል አለ፣ ወደ መሃል ስትገቡ ዳግማዊ ምኒልክ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብሎክ ሁሉ ይመሳሰላል፣ አምቡላንስ ገብቶ ይጠፋል። የሳይቱን ስም፣ የብሎክ ቁጥሩንና አንድ ታዋቂ ምልክት በወረቀት ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። መኪና ያለውን ጎረቤት ስልክም ያዙ።

3. ደረጃውን በእናታችሁ ጉልበት ለኩት

ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ለጤነኛ ሰው ጥሩ ስፖርት ነው። ጉልበቷን ለሚያማት እናት ግን እስር ቤት ነው። መጀመሪያ ገበያ ይቀራል፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይቀራል፣ ከዚያ ሰው ይቀራል። አረጋዊ፣ የልብ ሕመምተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ፈልጉ። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኑን ማን እንደሚያወጣውም አስቡ።

4. ውሃውና አየሩ

ጎረቤት "ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። አከራይ አትጠይቁ። ፈረቃ ካለ ሮቶ ያስፈልጋችኋል፣ ሮቶው ክዳን ይኑረው፣ በየጊዜው ይታጠብ። የተጠራቀመ ውሃ ለመጠጥ ስትጠቀሙ አፍሉት ወይም እንደ ውኃ አጋር ያለ ማከሚያ በተጻፈው መጠን ጨምሩበት። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ለአስም አያት ይሻላል ወይስ ሰሚት ላላችሁኝ፦ የሰፈሩ ስም ሳይሆን የቤቱ ቦታ ነው የሚወስነው። ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ፊት ለፊቱ ግንባታ ወይም አስፋልት ያልለበሰ አቧራማ መንገድ የሌለው፣ ግድግዳው ያልረጠበ ቤት ምረጡ። ልስኑ ሳይደርቅ አትግቡ። ደግሞ አደራ፣ "አዲሱ ቤት ይበርዳል" ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ መስኮት ዘግታችሁ አትተኙ። የኮንዶሚኒየም ቤት እንደ ድሮው ቤት ቀዳዳ የለውም፣ የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።

ወደ ሞጆና አዳማ ድረስ የምታስቡም አላችሁ፣ ፈጣን መንገዱ አጓጉቷችሁ። እዚያ ሁለት ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ። አንደኛ ወባ አለ፣ አጎበር አትርሱ። ሁለተኛ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ሊበዛበት ይችላል፣ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል። የምትጠጡት ውሃ ከየት እንደሚመጣ እወቁ።

5. ጡት የምታጠባ እናት ካለች

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ሕፃኑ ግን 6 ወር ሙሉ የእናት ጡት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቤትና ሥራ ሲራራቁ እናት ከ12 ሰዓት ያላነሰ ከልጇ ትለያለች። የታለበ የእናት ወተት ውጭ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፣ መብራት ሲጠፋ ግን ስሌቱ ይበላሻል። ቢቻል ይህ አንድ ዓመት ሳያልፍ ወደ ሩቅ ቦታ አትግቡ። ካልሆነም ማን እንደሚይዘውና ወተቱ እንዴት እንደሚቀመጥ ቀድማችሁ ተዘጋጁ።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ። "ዶክተር፣ አንተ ቀላል አደረግከው። ኪራዩ እኮ ደሞዛችንን ጨርሷል" የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው። አከራይ ሲጨምርባችሁ የሚመጣው ጭንቀትም እንቅልፍ ይነሳል፣ ግፊት ይጨምራል። አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ታፍኖ ከመኖር ሰፋ ያለ የራስ ቤት መግባት ለጤና ይጠቅማል። "ከመሃል ከተማ አትውጡ" እያልኩ አይደለም። እኔ የምለው፣ ስታሰሉ የኪራዩን ልዩነት ብቻ አትያዙ። የትራንስፖርቱን ብር፣ የሰርቪሱን ክፍያ፣ የጠፋውን እንቅልፍ አብራችሁ ደምሩ። አንዳንዴ ርካሹ ቤት ውድ ሆኖ ይገኛል።

ደግሞ እጣ የደረሳችሁ ቤት ውስጥ የግድ መኖር የለባችሁም። ልጆቹ እስኪያድጉ አከራይቶ፣ በዚያው ብር ለሥራና ለትምህርት ቤት የሚቀርብ ጠበብ ያለ ቤት መከራየት አለ። ዘመድ "የራሱ ቤት እያለው ተከራይቶ ይኖራል" ቢል ይበል። ጠዋት 10፡45 የሚነሳው የዘመድ ልጅ አይደለም።

በምርጫ ሳይሆን በልማት ተነስታችሁ ዳር የደረሳችሁም አላችሁ። ለእናንተ ምክሬ አንድ ነው፦ የድሮውን ሰፈር ኑሮ በየቀኑ እየተመላለሳችሁ ለማስቀጠል አትሞክሩ። ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ እድሩን አዲሱ ሰፈር አድርጉት። በተለይ እድሩን ቶሎ ግቡ። ብቸኝነት ሰው ያሳምማል፣ በተለይ ሽማግሌዎችን። ጎረቤት ቡና መጥራት የጤና ምክር ነው ብትሉኝ አዎ፣ ነው።

ያቺ ልጅ ምን ሆነች? በመስከረም እዚያው አራብሳ በእግር 10 ደቂቃ የሚወስድ ትምህርት ቤት ገባች። አሁን 1 ሰዓት ላይ ነው የምትነሳው፣ ቁርስ በልታ ትሄዳለች። ራስ ምታቱ ቀርቷል። አባቷ እስከ ዛሬ "እንግሊዝኛው ደከም ይላል" እያለ ያጉረመርማል፣ ምናልባትም ልክ ነው። እናቷ አሁንም በየቀኑ መገናኛ ሰልፍ ላይ ናት። ችግሩ ሁሉ አልተፈታም። ልጅቷ ግን ትተኛለች።

እናንተስ? ቤት ስትቀይሩ ትምህርት ቤቱን ቀየራችሁ ወይስ ልጁን ሰርቪስ ላይ ጫናችሁ? ልምዳችሁን ከታች ጻፉልን፣ ዘንድሮ ቤት ለሚፈልግ ወዳጃችሁም አጋሩት።

(ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ ነው። ልጃችሁ ሁልጊዜ የሚደክመው ወይም ራሱን የሚያመው ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው ብላችሁ ቤት አትቅሩ።)

መልካም ጤና!