ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤ እኛስ?

ዓርብ ጠዋት በሐደራ ገበያ ያለፈ ሰው አማርኛና ትግርኛ ይሰማል። አያቶቻችን ቃሪያና ቲማቲም እየመረጡ ይጫወታሉ፤ እኛ ዕቃውን ተሸክመን በዕብራይስጥ እንመልሳለን። የቋንቋው ነገር ሲነሳ ሁልጊዜ ኮርስ ይከፈት እንላለን። ኮርስ ጥሩ ነው። እኔ ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ፤ ከአያቶቻችን ጋር ወፍ ሲንጫጫ ተራራ እንውጣ።

ዘማሪ ወፎች ዜማቸውን የሚማሩት ከትልልቆቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የካምብሪጁ ተመራማሪ ዊልያም ቶርፕ ቻፊንች የምትባል ትንሽ ወፍ ጫጩቶችን ከትልልቆቹ ለይቶ አሳደገ። ጫጩቶቹ ሲያድጉ ዘመሩ፤ ዜማቸው ግን ጎደሎ ነበር። በልጅነታቸው የትልልቆቹ ዜማ ተቀድቶ የተሰማላቸው ደግሞ በደንብ ተማሩት። «ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ያሉት አባቶቻችን ይህን ያለ ቤተ ሙከራ ደርሰውበታል።

ከሐደራ በስተሰሜን፣ በቀርሜሎስ ተራራና በራማት ሃናዲቭ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ በጸደይ ማለዳ ጥቁሩ ሻሕሩርና ቡልቡል ይዘምራሉ። ማለዳ ነፋሱም ጫጫታውም ገና ስላልተነሳ ድምፃቸው ሩቅ ይሄዳል። የቡልቡል የቅርብ ዘመድ በኢትዮጵያም አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች በእስራኤል ሰማይ ያልፋሉ፤ ክረምቱን ኢትዮጵያ የሚያሳልፉም አሉባቸው። ወላጆቻችን በአገር ቤት ሽመላ ሲያዩ ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቁት የነበረው በከንቱ አልነበረም፤ መንገዱ እውነተኛ መንገድ ነው።

«ስልኬ ላይ ያለው ሜርሊን ድምፁን ሰምቶ የወፉን ስም ይነግረኛል፤ አያቴን ለምን ላድክም?» የሚል ይኖራል። ስልኩ ስሙን ይነግረናል። የትኛው ወፍ ማሽላ እንደሚጨርስ፣ ልጆች በወንጭፍ እንዴት ይጠብቁ እንደነበር፣ የቱ ሲጮኽ ምን ይባል እንደነበር ግን አይነግረንም። ክፍል ውስጥ «አማርኛ አስተምሩን» ስንላቸው ዝም የሚሉ ሽማግሌዎች፣ ስለሚያውቁት ነገር ሲጠየቁ ይናገራሉ። እዚያ መምህሮቹ እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ማኅበራችን በዚህ ጸደይ አንድ አውቶቡስ ይከራይ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አያት ወይም ጎረቤት ይዞ ይምጣ፤ መራመድ የሚከብዳቸው ወንበር ይዘጋጅላቸው። የሰማነውን ድምፅ እንቅዳ፤ የነገሩንን ስም በአማርኛና በትግርኛ ጽፈን በዚህ መጽሔት እናውጣ። አንድ ነገር ብቻ እንጠንቀቅ፤ ወፉን መስማት እንጂ መያዝ የለም። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ከ1955 ጀምሮ ይከለክላል፤ ለዜማዋ ሲሉ በቀፎ የሚዘጉባት ሖሒትም በዚሁ ሕግ የተጠበቀች ናት።

ሻሕሩሩ በሚቀጥለው ዓመትም ይዘምራል። የአገር ቤቱን የወፍ ስም የሚያውቁት ሰዎች ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው።