ጥራጥሬ የጾም ቀን ቅጣት አይደለም

በፍስክ ቀን እንግዳ ጠርቶ ሽሮና ምስር ብቻ ያቀረበ ቤተሰብ ይታማል። አቅም ያለው ሰው ሥጋ ሳያዘጋጅ ድግስ ደገሰ ቢባል፣ ሰስቷል ወይም ከስሯል ይባላል። ጥራጥሬ ማዕዱን የሚይዘው ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ነው። ጾሙ ሲፈታ ወደ ጓዳ ይመለሳል። ጥራጥሬን የችግርና የግዴታ ምግብ አድርጎ ማየት ጤናችንንም ኪሳችንንም የሚጎዳ የተሳሳተ አመለካከት ነው።

«ሥጋ ካልበሉ ጉልበት የለም» የሚለው ክርክር ሚዛን አይደፋም። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሲበስል ውሃ ስለሚጠጣ፣ ከተቀቀለው 100 ግራም የምናገኘው 9 ግራም ገደማ ነው፤ ይህም ቀላል አይደለም። እህል የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬ ይሞላዋል፤ እንጀራና ሽሮ አብረው መበላታቸው ትልቅ ጥበብ ነው። ጥራጥሬ ለመሬቱም ይበጃል፤ አተርና ባቄላ በሥሮቻቸው ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅን ለአፈሩ ስለሚመልሱ፣ ገበሬው ከስንዴና ከጤፍ ጋር እያፈራረቀ ይዘራቸዋል።

በርግጥ ቫይታሚን ቢ12 ከጥራጥሬ አይገኝም። ሥጋ የተወ ሰው እንቁላልና ወተት ያስፈልገዋል፤ እነሱንም ከተወ ቫይታሚኑን በኪኒን ወይም ከተጨመረበት ምግብ ማግኘት አለበት። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ ለሚገኝበት ቤት «ሥጋ ተው» ማለትም ነውር ነው። የምናገረው መምረጥ ለሚችለው ሰው ነው።

ሌላው ጥፋት አሠራሩ ላይ ነው። በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው የጾም በያይነት ብዙ ጊዜ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ሥጋና ቅቤ የሌለበትን ምግብ በዘይት መካስ የተለመደ ሆኗል፤ ይህን የበላ ሰው «ጾም አልተስማማኝም» ቢል አይፈረድበትም። ከምግብ በኋላ ወዲያው የምንጠጣው ቡናና ሻይም ሰውነታችን የጥራጥሬውን ብረት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ቡናውን ማዘግየት፣ በወጡ ላይም ሎሚ ጠብ ማድረግ ይጠቅማል።

«ጊዜ ይፈጃል፤ ሆድ ይነፋል» የሚሉም አሉ። ሁለቱም በአሠራር የሚቀንሱ ናቸው። ቦሎቄን እንውሰድ። ማታ ተለቅሞና ታጥቦ በብዙ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ዋናው ሥራ እኛ ተኝተን ያልቃል። ጠዋት ሆድ የሚነፋው ነገር ከፊሉ የወጣበት ውሃ ይደፋና በአዲስ ውሃ ይጣዳል። ቀዩ ቦሎቄ ጥሬው ወይም ያልበሰለው የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መርዝ ስላለው፣ ለጥንቃቄ 30 ደቂቃ ያህል በኃይል መንተክተክ አለበት። ከዚያ እሳቱ ተቀንሶ፣ ፍሬው በሁለት ጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ይበስላል። በሌላ ድስት ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እየተደረገበት ይቁላላል፤ ጥቂት ዘይት፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ይከተላሉ። የበሰለው ቦሎቄ ይገባና አብሮ ይንተከተካል። ቲማቲም የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ኮምጣጣነቱ ፍሬው ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ይህን ማንም ሊማረው ይችላል።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። በስምጥ ሸለቆ የሚመረተው ነጭ ቦሎቄ ተበጥሮ ወደ ውጭ ይላካል፤ እዚያ በቲማቲም ስጎ ተሠርቶና በቆርቆሮ ታሽጎ ሰዎች ለቁርስ የሚወዱት ምግብ ይሆናል። እኛ ግን አብዛኞቻችን ስሙን እንጂ አሠራሩን አናውቅም።

ስለዚህ ከሳምንቱ አንድ የፍስክ ቀን፣ ማክሰኞም ይሁን ቅዳሜ፣ ማንም ሳያስገድዳችሁ ለጥራጥሬ ስጡት። ሥራውን ለእናትና ለእህት ብቻ አትተዉት፤ ወንዱም ይልቀም፣ ይዘፍዝፍ፣ ያቁላላ። ልጆቻችሁም ከአሁኑ ይማሩት። ጥራጥሬ ክብሩን የሚያገኘው ወደንና መርጠን ስንበላው ነው።