የሚፈታ ትራክተር ስጡን

የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ ይግባ ከተባለ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አዳዲስ ትራክተሮች በአዳማ ሲያልፉ ማየት ለምደናል። እሰየው ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን በትራክተር ጋራዥ የፈጀሁ ሰው ነኝና ከቀለማቸው ይልቅ ቡሎናቸውን አያለሁ። ሲበላሹ ማን ይፈታቸዋል?

በዚህ በኩል አሮጌዎቹን የሚያህል የለም። ማሴ ፈርጉሰን 135ን እንውሰድ። ባለ ሦስት ፒስተን ፐርኪንስ ሞተር ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 መሠራት የጀመረ ትንሽ ትራክተር ነው። ናፍታ ጨርሶ ከቆመ አየር ስለሚስብ፣ ቢሞሉትም እሺ ብሎ አይነሳም። ያኔ የፊልትሮውን ማስተንፈሻ ቡሎን ላላ አድርጎ የናፍታ ፓምፑን ምላስ በጣት ደጋግሞ መጫን ነው። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፤ አረፋው ጠፍቶ ጥርት ያለ ናፍታ ሲፈስ ቡሎኑን ማጥበቅ። የመቂ ሽንኩርት አምራች አንዴ ካየ ሁለተኛ እኔን አይጠራም።

የእነዚህ ማሽኖች አባት ሃሪ ፈርጉሰን ማረሻውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር አጋጥሞ በሃይድሮሊክ የሚያነሳ ዘዴ ፈጠረ። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 የተመረተው ቲኢ20 የተባለው ትራክተሩ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። እንግሊዝ አገር ዛሬ ቀለም ተቀብቶ ለትርኢት ይወጣል፤ እኛ ዘንድ ግን አሮጌ ማሴ ገና እንጀራ ያበላል። ከተማችን አዳማም በ1970ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተተክሎላት ቤላሩስ ስትገጣጥም ኖራለች። እኔም ሙያውን የቀሰምኩት ከዚያ ከወጡ ሰዎች ነው።

አሮጌው ዘመን ደግ ነበር አልልም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ፕሮጀክት በሚሠራበት በአርሲ ጭላሎ፣ ትራክተር ያገኘ ባለርስት ጢሰኛውን ከመሬቱ ማባረር ያዘ። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ብረቱ ሳይሆን በብረቱ ላይ የሚያዘው ማን ነው የሚለው ነው።

አምና ኢተያ አቅራቢያ አንድ አዲስ ትራክተር በእርሻ ሰሞን ተገትሮ አየሁ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ያስቆመው አንድ ሴንሰር ነው። ኮምፒውተር የያዘ ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የመሬቱ እርጥበት አለፈ። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ማሽን ማስፈታት ያልቻለ ገበሬ የማሽኑ ጢሰኛ ሆኗል።

አዲሱ ይቅር አላልኩም። ጉልበቱም ምቾቱም የተሻለ ነው፤ በአሮጌው ላይ ፀሐይና አቧራ የጠጣ ሰው ይህን አይክድም። የምጠይቀው አዲሱም እንዲፈታ ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ የእርሻ ማሽን አምራቾች የጥገና መመሪያውን፣ መለዋወጫውንና የብልሽት መመርመሪያ ሶፍትዌሩን ለገበሬውና ለውጭ ጋራዦች እንዲያቀርቡ አስገድዳለች።

እኛ ይህን ለማግኘት አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም፤ የቀረጥ ነፃው መብት ራሱ በቂ መደራደሪያ ነው። አስመጪው መመሪያውን በኦሮምኛና በአማርኛ ያምጣ፤ መለዋወጫውን አዳማ፣ አሰላና ሻሸመኔ ያስቀምጥ፤ መመርመሪያውንም ለአካባቢው ጋራዦች ይሽጥ። ይህን ያላሟላ እንደማንኛውም ነጋዴ ቀረጡን ይክፈል። ቀረጡን የተወለት ሕዝብ ነው፤ በምላሹ ማሽኑ የሚፈታበትን ቁልፍ መጠየቅ መብቱ ነው።